«ሲስተም የለም» ይብቃን!

ቤሌ ላይ ሰርቨር አይቶ የማያውቅ ሰው ሞልቷል። «ሲስተም የለም» የምትለዋን ግን ሕፃኑም ያውቃታል። ከኪንዶ ኮይሻ ገጠር በእግሩ መጥቶ፣ ለማዳበሪያ ያስቀመጠውን ብር ሊያወጣ የተሰለፈ ገበሬ ይህችን ሰምቶ ይመለሳል። ማን አጠፋው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንደ በረዶ ከሰማይ የወረደ ይመስል!

መጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ብር ሲያወጡ ባደሩ ጊዜ ብሔራዊ ባንክ ችግሩ የተፈጠረው በጥገናና ፍተሻ ሥራ ላይ ነው አለ። ያ ከዛሬው ርዕሳችን ይለያል፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው፦ ሲስተምን የሚጥለው ሌባ ብቻ አይደለም፣ ጠጋኙም ይጥለዋል። እኛ ዛሬ የምንሟገተው ስለ አንዱ የጥገና ሥራ ነው፤ ሰርቨርን ከክላስተር ስለማውጣት።

ሌስሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጽሑፍ የሰርቨሮችን ምክክር በአንድ የግሪክ ደሴት ፓርላማ መስሎታል። እኛ በእድር እንመስለዋለን። አምስት ሰርቨሮች መዝገብ ላይ ካሉ ሦስቱ ሳይስማሙ ምንም አይጸድቅም። ምልዓተ ጉባኤ ይሉታል። መስመር ተቆርጦ ለሁለት ቢከፈሉና ሁለቱም ወገን እንደፈለገ ቢወስን አንዱ ሒሳብ ሁለት ጊዜ ይከፈላላ!

እንግዲህ «ይሄ አርጅቷል» ብሎ ገመድ የሚነቅለውን ባለሙያ እንየው። ማሽኑ ጠፋ እንጂ ስሙ ከመዝገብ አልተሰረዘም። ከአምስቱ ሁለቱን እንዲህ ከነቀለ የቀሩት ሦስት፣ የሚያስፈልጉትም ሦስት። አንዱ መብራት ከሄደበት ሁሉም ቆመ! ሁለት አባላት አዲስ አበባ ገብተው ቀርተው፣ ስማቸው ግን እየተቆጠረ «ጉባኤው አልሞላም» እንደሚባልበት እድር ማለት ነው። ሁለቱን በየተራ ከአባልነት ሰርዞ ቢያጠፋቸው ኖሮ መዝገቡ ሦስት ይሆናል፣ ሁለት ይበቃል፣ አንዱ ቢወድቅም ሥራው ይቀጥላል።

ሌላም አለ። ከሦስቱ አንዱ ከሞተ መጀመሪያ ሟቹን መሰረዝ፣ ከዚያ አዲሱን ማስገባት ነው። አዲሱን ካስቀደሙ መዝገቡ አራት ይሆናል፣ የሚፈለገው ሦስት፤ በሕይወት ያሉት ግን ሁለት። አዲሱ አልነሳም ካለ አለቀ። መሰረዝም ራሱ ድምፅ ይፈልጋልና፣ ምልዓተ ጉባኤ ከጠፋ በኋላ በደንቡ መሰረዝ አይቻልም። ያኔ መጠባበቂያ ቅጂ ፍለጋ ነው። እሱም ካለ!

«ጊዜ የለንም» ይሉናል። አዲስ አበባ ላይ የተቆጠበችው አምስት ደቂቃ ቤሌ ላይ የአንድ ሰው ሙሉ ቀን ናት። ስለዚህ የምንጠይቀው ቀላል ነው። ከመንካታችሁ በፊት ሁሉም ጤነኛ መሆኑን እዩ። አንዱ ታሞ ሳለ ጤነኛውን አታውጡ። ስንት እንደነበሩ፣ ስንት እንደሚቀሩ፣ ስንት እንደሚበቃ ጽፋችሁ ፈርሙበት። ሲቆምም መስኮት ላይ ላለችው ልጅ እውነቱን ንገሯት፤ እሷም ለገበሬው ትንገረው።

ሲስተሙማ አለ። የጠፋው የሚቆጥር ሰው ነው።