«ለስላሳ» የሚለው ቃል ብቻ የጎልፍ ኳስ አያስመርጥም

በዱባይም ሆነ በዶሃ የስፖርት ዕቃ መደብር ገብተው የጎልፍ ኳስ መደርደሪያ ፊት ቢቆሙ፣ ካርቶኖቹ በአብዛኛው ሁለት ነገር ይነግሩዎታል። አንዱ «ሩቅ ይሄዳል» ይላል፤ ሌላው «ለስላሳ ነው»። ብዙ ገዢ የመጀመሪያውን ርቀት፣ ሁለተኛውን ደግሞ ቁጥጥር ብሎ ይተረጉመዋል። እኔ በሙያዬ ተርጓሚ ነኝ፤ ይህ ትርጉም ግን ገንዘብ የሚያስከስር ነው እላለሁ።

ችግሩ የቃሉ ነው። በአማርኛ «ለስላሳ» ሲባል መጠጥም ሊሆን ይችላል፤ የዐረብኛው «ናዒም»ም ለጨርቅ፣ ለአሸዋም ለቆዳም ይነገራል። ኳስ ላይ ሲጻፍ ደግሞ የትኛው ክፍል እንደለሰለሰ አይናገርም። የኳሱ ውስጠኛ ጎማ ለስላሳ ከሆነ ሲመቱት እጅዎ ላይ ደስ ይላል። ኳሱን ግሪን ላይ፣ ማለትም ጉድጓዱ ባለበት የተከረከመ ሣር ላይ፣ ፈጥኖ እንዲቆም የሚያደርገው ግን በዋናነት የውጭ ሽፋኑ ነው።

ሽፋኑ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገሮች በአንዱ ይሠራል። አዮኖመር የሚባለው ጠንካራና ርካሽ ነው፤ በአጭር ምት ላይ ብዙም ስለማይሽከርከር ካረፈ በኋላ ይንከባለላል። ዩሬቴን ግን የመምቻውን ጭረቶች ይይዛል፤ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ስለሚያርፍ ቶሎ ይቆማል። ስለዚህ ውስጡ ለስላሳ፣ ሽፋኑ አዮኖመር የሆነ ኳስ ገዝተው «ለምን አይቆምልኝም?» ቢሉ ጥፋቱ የእጅዎ ብቻ አይደለም።

ስለ ርቀትስ? እዚህ ላይ ሕጉ ገደብ አለው። ኳስ ከ45.93 ግራም መብለጥ፣ ስፋቱም ከ42.67 ሚሊ ሜትር ማነስ አይችልም፤ የፍጥነትና የርቀት ጣሪያም ተቀምጦለታል። የዓለምን የጎልፍ ሕግ የሚያወጡት ሁለቱ ተቋማት፣ አር ኤንድ ኤ እና ዩኤስጂኤ፣ በታኅሣሥ 2023 ጣሪያውን የበለጠ ለማጥበቅ መወሰናቸውን ሲያስታውቁ፣ ተራው ተጫዋች የሚያጣው ርቀት ቢበዛ 5 ያርድ ያህል እንደሚሆን ገምተዋል። በሌላ አነጋገር፣ ሕጋዊ ኳሶች በርቀት ያላቸው ልዩነት ካርቶኑ እንደሚያወራው አይደለም።

አሁን ምቶችዎን ይቁጠሩ። በ18 ጉድጓድ ሜዳ ላይ ረጅሙን መምቻ የሚያነሱት ብዙውን ጊዜ 14 ጊዜ ያህል ነው። የቀረው አብዛኛው ምት ወደ ግሪኑ መቅረብና ግሪኑ ላይ መጨረስ ነው። በየዓመቱ ወደ ዱባይ የሚመጡት ባለሙያዎች ዩሬቴን የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ቦታውንም ያስቡ። የባሕረ ሰላጤው ሙቅ አየር ስስ ስለሆነ ኳሱን ትንሽ ያርቃል፤ ነፋስ ሲነሳ ግን ከመጠን በላይ የሚሽከረከር ኳስ ወደ ላይ ተነስቶ ይቀራል። ለእረፍት ሄደው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ቢጫወቱ ደግሞ ርቀቱን ስሱ አየር ራሱ ይጨምርልዎታል። የሚያስቸግርዎ ማስቆሙ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ኳስዎን ከጉድጓዱ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ይምረጡ። ሁለት ዓይነት ኳስ ይዘው ሜዳ ይውጡ፤ መጀመሪያ ከ30 ሜትር፣ ቀጥሎ ከ100 ሜትር ወደ ግሪኑ ይምቱ። ረጅሙን መምቻ የመጨረሻ ያድርጉት። ጀማሪ ከሆኑና በአንድ ዙር ብዙ ኳስ የሚጠፋብዎ ከሆነ አዮኖመሩ ይበቃዎታል፤ በውድ ኳስ ውኃ መሙላት አያስፈልግም። ኳስ መጥፋቱ ሲቀንስ ወደ ዩሬቴን ይሻገሩ፤ ከታዋቂዎቹ የሚረክሱ አሉ። የመረጡትንም በየሳምንቱ አይቀያይሩ፤ እጅ የሚለምደው አንድ ኳስ ሲደጋገምበት ነው።

አምራቾችና ነጋዴዎችም የሽፋኑን ዓይነት በካርቶኑ ፊት በጉልህ ሊጽፉልን ይገባል። እስከዚያው ድረስ ሻጩ «ይሄ ለስላሳ ነው» ሲልዎ፣ «የቱ ነው የሚለሰልሰው፣ ውስጡ ወይስ ሽፋኑ?» ብለው ይጠይቁት።