የኳስ ወዳጆችና የአገር ክርክር

ከአራዳው ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አንሥቶ እስከ ፒያሳ ድረስ ባለው ስፍራ ከብዙ ዘመን የቆየ አንድ ልማድ አለ። ይኸውም የእግር ኳስ ጨዋታ በሚደረግበት ቀን የአንድ ክለብ ወዳጆች በቡና ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው ስለ ተጫዋቹ ብርታትና ስለ ዳኛው ስሕተት መነጋገራቸው ነው። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የመሥሪያ ቤት ጸሓፊና የመኪና ጠጋኝ፥ ወርቅ ሠሪና የትምህርት ቤት መምህር፥ ትውልዱ ከጎንደር የኾነና ትውልዱ ከወለጋ የኾነ፥ የጉራጌ ተወላጅና የትግራይ ተወላጅ እኩል ይቀመጣሉ። ያገናኛቸው የኳስ ፍቅር ብቻ ስለ ኾነ ማንም ማንን የማን ልጅ ነህ ብሎ አይመረምርም፤ የሚጠየቀው ቢኖር የጊዮርጊስ ነህን ወይስ የቡና የሚለው ነው፤ በዚህም ምክንያት የተጣላ ወንድማማች ማታ በአንድ ገበታ ይበላል።

ነገር ግን የጨዋታው ወሬ ሲያልቅ የአገር ወሬ መተካቱ አይቀርም። ምክንያቱን ከሩቅ መፈለግ አያሻም፤ በዚያው ሰፈር ቀና ብሎ ለሚመለከት ሰው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በፊቱ ቆሟል። ይህ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. ቆመ፤ ፋሽስቶች አዲስ አበባን በያዙ ጊዜ ነቅለው ሰወሩት፤ ከነጻነት በኋላም ወደ ስፍራው ተመለሰ። አንደኛው ሰው በዚያ ፈረስ ላይ የሚያየው የዓድዋን ድል አድራጊ፥ ጥቁርን ሕዝብ ኹሉ ያስከበረውን ንጉሥ ነው። ኹለተኛው ግን በልጅነቱ አያቱ የነገሩትን፥ ጦር ወደ አገራቸው እንደ ገባና መሬታቸው ለሌላ እንደ ተሰጠ ያስታውሳል። ኹለቱም አልዋሹም። ኹለቱም ለአንድ ክለብ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኸው የመጡ ወዳጆች ናቸው። ጠረጴዛው በሚቀጥለው ጨዋታ ቀን ሙሉ ወይም ጎዶሎ መኾኑ የሚወሰነው በዚያች ሰዓት እርስ በርሳቸው በሚነጋገሩበት ቃል ነው።

ብዙ ሰዎች ለዚህ ነገር የሚያዝዙት መድኃኒት ዝምታ ነው። ባለ ቡና ቤቱ፥ በቤቴ ፖለቲካ አይወራ ይላል፤ ሽማግሌውም፥ ልጆቼ ስለ ኳሳችን እናውራ ብሎ ይማጠናል። ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ ቢኾንም ከየት እንደ ተወረሰ መመርመር ይገባል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ፥ የተገደሉ ወጣቶች ሬሳ በአዲስ አበባ ጎዳና ተጥሎ ይታይ በነበረበት ወራት፥ በቡና ቤት የተቀመጠ ሰው ከጎኑ ያለውን ማንነት ሳያውቅ ቃል አይተነፍስም ነበር። ያን ጊዜ ዝምታ ነፍስን ማዳኛ ነበረና አይነቀፍም። ዳሩ ግን ከፍርሃት የተማሩትን ልማድ ጨዋነት ነው ብሎ ለልጅ ማውረስ ስሕተት ነው። ዝም ያለ ሰው ሐሳቡን አልተወም፤ የሚያካፍለው እንደ እርሱ ለሚያስብ ብቻ ይኾናል እንጂ። በጠረጴዛው ላይ ያልተነገረው ነገር መላሽ በሌለበት ስፍራ ይነገራል፤ መላሽ የሌለው ነገር ደግሞ በተነገረ ቁጥር እየከረረ ይሄዳል።

የክለቡ የገዛ ታሪኩ ከዚህ የሚሻል ትምህርት ይዟል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ የተመሠረተው የኢጣልያ ጦር ድንበር ጥሶ በገባበት በ1928 ዓ.ም. በዚሁ በአራዳ ሲኾን፥ ከመሥራቾቹ ዋነኞቹ አየለ አትናሽና በትውልዱ ከግሪክ ወገን የኾነው ጆርጅ ዱካስ ነበሩ። በወረራው ዘመን ጣልያኖች የክለቡን ስም ለውጠው ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር አሰኙት፤ ሊቶሪዮ የሚለውም ከፋሽስቶች ዓርማ የተወሰደ ስም ነበረ። ነጻነት በተመለሰ በሦስተኛው ዓመት፥ በ1936 ዓ.ም.፥ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲደረግ አምስት ቡድኖች ገቡ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፥ አራራት የአርመኖች፥ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፥ ፎርቲቱዶ የጣልያኖች ነበረ፤ አምስተኛው በኢትዮጵያ የነበረው የብሪታንያ ወታደራዊ ልዑክ ቡድን ሲኾን ዋንጫውን የወሰደውም እርሱ ነው።

አንባቢ በዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብሎ ቢያስብ መልካም ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተጀመረው ጭፍጨፋ እስከዚያ ውድድር ድረስ ያለፈው ሰባት ዓመት ብቻ ነበረ። በሜዳው ከቆሙትና ዙሪያውን ከከበቡት የአራዳ ልጆች መካከል በዚያ ሦስት ቀን ዘመዱን ያጣ መኖሩ አያጠራጥርም። እነርሱ ከጣልያኖች ጋራ የተጫወቱት ረስተው አይደለም። የካቲት 12 እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይታሰባል፤ የሰማዕታቱም ሐውልት በስድስት ኪሎ ቆሟል። ጨዋታው መርሳትን ከማንም አልጠየቀም፤ የጠየቀው አንድ ሕግ ለኹለቱም ወገን እኩል እንዲሠራ ነው።

በኳስ ሕግ ጥፋት የሚቆጠረው በሠራው ተጫዋች ላይ ነው፤ ወንድሙ ወይም ያገሩ ልጅ ስለ እርሱ ከሜዳ አይወጣም። የአራዳ ሰው ይህ ሕግ በሜዳ ላይ ሲጣስ ቢያይ ከመቀመጫው ተነሥቶ ይጮኻል፤ በጠረጴዛ ዙሪያ ራሱ ሲጥሰው ግን አያስተውለውም። የሚጥሰውም በአንዲት ቃል ነው። ለብዙ ዓመት አንተ ሲለው የኖረውን ወዳጁን ክርክሩ በጋለ ጊዜ ድንገት፥ እናንተ እኮ፥ ይለዋል። በ2013 ዓ.ም. በማይ ካድራና በአክሱም ስለ ተገደሉት፥ በ2014 ዓ.ም. በወለጋ በቶሌ ስለ ፈሰሰው ደም፥ አንዱም ሰው በሌለበትና ባላዘዘበት፥ ምናልባትም የገዛ ዘመዱን ባለቀሰበት ነገር፥ ተከሳሽ ኾኖ ከጠረጴዛው ፊት ይቆማል። አንተ የሚለው ቃል ያቀርባል፤ እርስዎ የሚለው ያከብራል፤ በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚነገረው እናንተ ግን ሰውየውን ከወዳጆቹ መካከል ነጥቆ፥ አይቶት ከማያውቀው ሕዝብ ጋራ ያስረዋል። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ስለ እውነቱ መናገሩን ትቶ ስለ ዘመዶቹ መሟገት ይጀምራል፤ ክርክሩም ክርክር መኾኑ ይቀራል።

እንግዲህ ጨዋነት ማለት ነገርን ማለስለስና መሸፈን የሚመስለው ሰው ቢኖር የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ሥራ ይመልከት። እኒህ ሰው በዚሁ በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተጫውተው ያደጉ፥ በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ኾነው ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1979 ዓ.ም. ያገለገሉ ናቸው። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲዘጋጅ የደቡብ አፍሪካ ሹማምንት ነጭና ጥቁር የተደባለቀበት ቡድን አንልክም ስላሉ በውድድሩ ሳይካፈሉ ቀሩ፤ የተጫወቱትም ግብፅ፥ ሱዳንና ኢትዮጵያ ብቻ ኾኑ። (ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋራ ልትገጥም ተደልድላ ስለ ነበረ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተረታች፤ መርሕን መጠበቅ ዋንጫ አያስገኝም ለሚል ሰው ይህ መልካም ማስረጃ ይኾነዋል።) አቶ ይድነቃቸው ከዚያ ወዲህ የዘር መድልዎን ነገር፥ ኳስና ፖለቲካ አይገናኙም ከሚሉ ሰዎች ጋራ በዓለም ጉባኤ ፊት ፊት ለፊት ተከራከሩ። ፊፋም በ1968 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አስወጣ። የክርክሩ ጽናት ሥርዓትን አላስጣላቸውም፤ ሥርዓቱም ጽናታቸውን አላለዘበውም።

በ1954 ዓ.ም. በጥር ወር ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድም የቡድኑ አለቃ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበረ፤ አባቱ ጣልያናዊ፥ እናቱ ኤርትራዊት። ወንድሙ ኢታሎና የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ከእርሱ ጋራ ተሰልፈው ነበር። ዓመቱ የኤርትራ ነገር አገርን የሚከፍል ክርክር የነበረበት ዓመት ነው፤ ፌዴሬሽኑ የፈረሰው ዐሥር ወር እንኳ ሳይሞላ በ1955 ዓ.ም. በኅዳር ነው። በዚያ ቡድን ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ሐሳብ ነበረ ብሎ የሚያምን የዋህ አይገኝም።

ለአገራችን ሰው በሥርዓት መከራከር ከውጭ የሚመጣ ትምህርት አይደለም። ሊቃውንቱም መኳንንቱም እንደሚያውቁት፥ በላ ልበልሃ በሚባለው ሙግት ባላጋሮች በዛፍ ጥላ ሥር ቆመው፥ መንገደኛውን ሳይቀር ዳኛ አድርገው፥ ውርርድ ገብተው በተራ ይከራከሩ ነበር። ቃሉ ስለታም ነበረ፤ ምሳሌውና ቅኔው የባላጋራን ነገር እስከ ሥሩ ይቈርጥ ነበር። ነገር ግን አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል። ወደ ዳኛ የሚሄዱትም በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፥ ቁራኛ ኾነው፥ አንድ መንገድ ይጓዙ ነበር፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው መቆሙ ግድ ነው። የፒያሳ የኳስ ወዳጆች ቋጠሮ ክለባቸው ነው። ስለዚህ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሐውልቱ ነገር በተነሣ ጊዜ፥ አያትህ ምን ነገሩህ ብሎ ጠይቆ እስከ መጨረሻው ማዳመጥ፥ ከዚያም፥ የኔ ደግሞ እንዲህ ነገሩኝ ማለት ይቻላል። አንዱ ሌላውን ላይረታው ይችላል። በእርግጥ ግደል፥ አባርር የሚል ቃል የተነሣ እንደ ኾነ ይህ ክርክር አይደለምና ተናጋሪውን ማስቆም የጠረጴዛው ባለቤቶች ግዴታ ነው፤ ይህን ከመራራ ነገር መለየት ግን አስተዋይነትን ይጠይቃል፤ መራራ ነገር ኹሉ መርዝ አይደለምና።

በዚህ ነገር የሹማምንት ድርሻ ትንሽ አይደለም። በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከሚወዳደሩት ክለቦች የሚበዙት በጀታቸውን የሚያገኙት ከክልል ወይም ከከተማ አስተዳደር ነው። የክለቡ ገንዘብ የክልሉ ገንዘብ ሲኾን ሽንፈቱም የክልሉ ሽንፈት ይመስላል፤ ደጋፊውም ሳያውቀው የፖለቲካ ሠልፈኛ ይኾናል። በ2010 ዓ.ም. በኅዳር ወር በወልድያ ከተማ በወልድያና በመቀሌ ክለቦች ጨዋታ ምክንያት ሰው ሞተ፥ ንብረትም ጠፋ። ከዚያ በኋላ የአማራና የትግራይ ክለቦች እርስ በርሳቸው በገለልተኛ ሜዳ እንዲጋጠሙ ተደረገ። ገለልተኛ ሜዳ ደም መፍሰስን ይከለክል ይኾናል፤ የሚያነጋግር ግን አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር የትግራይ ክለቦች ከሊጉ ጠፉ፤ በ2011 ዓ.ም. ዋንጫውን የወሰደው መቀሌ 70 እንደርታ ሳይቀር። የፕሪቶሪያ ስምምነት በ2015 ዓ.ም. በጥቅምት ከተፈረመ በኋላ፥ በ2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ሦስቱ የትግራይ ክለቦች ተመለሱ። እነዚያን ዓመታት ኹሉ በፒያሳ ጠረጴዛ ዙሪያ አብረው የተቀመጡ ወይም መቀመጥ የተዉ ወዳጆች ዛሬ የሚነጋገሩት ብዙ ነገር አላቸው።

የሚነጋገሩበት ስፍራ ግን እየጠበበ መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. ለከተማው ልማት ሲባል ዶሮ ማነቂያንና ሌሎችንም ጨምሮ ከአሮጌው ፒያሳ ብዙው ፈረሰ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዱ። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በዚያው ዓመት በየካቲት ተመረቀ፤ መንገዱ ሰፋ፥ የእግረኛው መሄጃ አማረ፥ መብራቱም በራ፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን ሰው ከማያውቀው ሰው ጋራ ስለ ሐውልት አይከራከርም፤ የሚከራከረው ሃያ ዓመት ቡና ካጠጣው ጋራ ነው። እንዲህ ያለ መተዋወቅ በሰፊ ጎዳና ላይ በመመላለስ አይገኝም። የከተማው አስተዳደር በአራዳ ከሚሠሩት አዳዲስ ቤቶች ጥቂቶቹን ለቡና ቤት ቢመድብ፥ ከሰፈሩ ለተነሡት ባለ ቡና ቤቶችም ቀዳሚነት ቢሰጥ፥ ኪራዩንም አንድ ስኒ ቡና ይዞ ሦስት ሰዓት የሚቀመጥ ደንበኛ ያለው ነጋዴ በሚችለው መጠን ቢወስን፥ ከኮየ ፈጬና ከየካ አባዶ በአውቶቡስ የሚመጡት ወዳጆች በጨዋታ ቀን የሚገናኙበት ያገኛሉ።