በመራቢያው ክረምት መረቡ ይነሣ



ጉለሌ ውስጥ ከግቢ ወጥተን ስንበላ ብዙዎቻችን የምናዘው ዓሣ ነው። ዓሣ እርድ አይጠይቅምና ሐላል ምግብ ቤት በራቀን ጊዜ ይገላግለናል። (የመጥበሻው ዘይት ጉዳይ ለሌላ እትም ይቆየን።) ታዲያ ይህ ዓሣ እስከ መቼ እንደሚገኝ እኛን ሊያሳስበን ይገባል።

ከሚመጣባቸው ሐይቆች አንዱ ጣና ነው። በጣና ላቤዮባርበስ ከሚባለው ወገን 17 ያህል ዝርያዎች የተመዘገቡ ሲሆን፣ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። ከእነዚህ በርካታዎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ ግልገል ዓባይና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ፤ እንቁላል የሚጥሉት ንጹሕ ውሃ በሚያልፍበት ጠጠር ላይ ነው። ከመውጣታቸው በፊት ግን ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረቡም የሚጠብቃቸው እዚያው ነው። ተመራማሪዎች እንደመዘገቡት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ድረስ የእነዚህ ዓሦች ምርት በ75 በመቶ ገደማ ወርዷል። ቆሮሶ ሐይቁ ውስጥ ስለሚራባና እንቁላሉን በአፉ ይዞ ስለሚጠብቅ እንዲህ በአንድ በር ላይ አይታፈስም።

በሱረቱል አዕራፍ የተጠቀሱትን የቅዳሜ ሰዎች በመድረሳ ተምረናል። ዓሣው ውሃው ላይ የሚታያቸው በተከለከሉበት ቀን ብቻ ነበር። አንቀጹ የወረደው ለዓሣ ጥበቃ ነው አንልም። ነገር ግን ጣና ላይም ፈተናው ይኸው ነው፤ ዓሣው በቀላሉ የሚያዘው መተው በሚገባን ሳምንታት ነው።

ሕግ አልጠፋም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቶ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። የጎደለው መረቡን ያነሣ ሰው በእነዚያ ወራት ምን እንደሚበላ የሚያስብ ነው። ከአጥማጆቹ መካከል በደንገል ታንኳ የሚኖሩ የነገደ ወይጦ ሙስሊም ወንድሞቻችን አሉ፤ ምትክ ሳይሰጡ «አታስግር» ማለት ዙልም ነው። ቻይና ያንግትዜ ወንዝ ላይ በየዓመቱ ለጥቂት ወራት ብትከለክልም አልበቃትም። እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ጀምሮ የ10 ዓመት እገዳ ስትጥል ከ200 ሺህ በላይ አጥማጆችን ወደ ሌላ ሥራ ለማዛወር ድጋፍ መድባለች። ዓሦቹ እየተመለሱ ነው፤ መቅዘፊያ አፍንጫ ያለው ግዙፉ ዓሣ ግን አልተመለሰም፤ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2003 ነበር። ጣና ላይም ቢሆን ላቤዮባርበስ ለመራባት የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ የዘንድሮ እገዳ ውጤት በሚቀጥለው ዓመት አይለካም።

የምህንድስና ተማሪዎች የሆንን ደግሞ የራሳችን ድርሻ አለን። ርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል፤ ከወንዞቹም ለመስኖ ውሃ ይሳባል፣ ለግንባታ አሸዋ ይዛቃል። መረቡ ተነሥቶ መንገዱ ከተዘጋ ወይም ጠጠሩ ከተጫነ ዓሣው የት ይወልዳል? ለመስኖ ግድብ ዲዛይን ስንሠራ የዓሣ መተላለፊያውንም ከመጀመሪያው እናስላ።

እስከዚያው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ዓሣ ስናዝ «ቆሮሶ ነው?» ብለን እንጠይቅ፤ ካልሆነ ምስር ይምጣልን። አስተናጋጁ መጀመሪያ ላይ ይስቅብን ይሆናል።