የሥራ ውሻ ሥራ በሌለበት ቤት ምን ያደርጋል?



በውስጥ መስመር ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱ ሰሞኑን ተደጋገመ። «ቡችላ ልገዛ ነው፤ ጀርመን ሼፐርድ ይሻላል ወይስ ማሊኖይስ? የሥራ ዘር መሆኑን በምን ልወቅ?» የሚል ነው። ጠያቂዎቻችን ብዙዎቹ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሺፍት የሚሠሩ፣ መልካ ጀብዱና ከተማው ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ወንድሞች ናቸው። ከነሐሴ 2014 ወዲህ ነፃ የንግድ ቀጠና ሆኖ ሥራ በጀመረው በዚያ ግቢ ደመወዝ ማግኘት ሲጀመር፣ ስልክ ላይ የታየው ጆሮው የቆመ ውሻ ልብ ያነሳሳል። እንረዳለን። ግን ወንድሜ፣ ጥያቄውን ከጅራቱ ይዘኸዋል። «የትኛው ውሻ?» ከማለትህ በፊት «ለምን ሥራ?» በል።

አንዳንዱ ወንድማችን ደግሞ ገና «ውሻ» ሲባል «ሐራም!» ብሎ ወሬውን ይዘጋል። ይህም ልክ አይደለም። በሱረቱል ማኢዳ አራተኛው አያ የሠለጠነ አዳኝ እንስሳ ይዞ ያመጣው ተፈቅዷል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ለከብት፣ ለአደንና ለእርሻ የሚያዝ ውሻ ተለይቶ ወጥቷል፤ ከዚያ ውጪ ውሻ የሚያኖር ግን በየቀኑ ከአጅሩ ቂራጥ ይቀነስበታል፣ በሌላ ዘገባ ሁለት ቂራጥ። የኛ አካባቢ የሚከተለው የሻፊዒይ መዝሀብ ታላቅ ዓሊም ኢማም አን-ነወዊ፣ በነዚህ ላይ ተመሥርቶ ለቤት ጥበቃም ይፈቀዳል የሚለውን አቋም ትክክለኛው ይሉታል። ለዚሁ ሥራ ሊሠለጥን የሚያድግ ቡችላም እንደዚሁ። ፈቃዱ የተንጠለጠለው ሥራው ላይ ነው። ሥራው ከሌለ «ጀርመን ሼፐርድ ነው» ማለት ምንም አይጨምርልህም።

የሚገርመው ውሻውም የሚጠይቅህ ይህንኑ መሆኑ ነው። ጀርመን ሼፐርድን በ1899 እ.ኤ.አ. የጀመረው ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለ የፈረሰኛ ጦር መኮንን የነበረ ጀርመናዊ ነው፤ መነሻው በግ ጠባቂ የእረኛ ውሾች ነበሩ። ማሊኖይስም ስሙን ከቤልጂየሟ ማሊን ከተማ ያገኘ የእረኛ ውሻ ነው። በጊዜ ብዛት ለውበት ውድድር የሚራባውና ለሥራ የሚራባው ተለያየ። ፖሊስና ጦር የሚፈልጉት የሥራው ዘር ነው። ትውልድ በትውልድ የተመረጠው ቶሎ እንዳይደክም፣ የሚሮጥ ነገር ሲያይ እንዲያሳድድ፣ በአፉ የያዘውን እንዳይለቅ ነው።

ይህን ፍጥረት አንድ ክፍል ቤት ዘግተህበት ሺፍት ስትገባ ምን እንደሚሆን አስበው። በሩን ያኝካል። ሌሊቱን ይጮኻል። ጅራቱን ተከትሎ ይሽከረከራል። አንድ ቀን የአከራይህን ልጅ ይነክሳል፤ ያኔ ድንጋይ የሚወርደው በሱ ላይ ነው። ጥፋቱ ግን ያንተ ነው። ለተጠማ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው ምሕረት ማግኘቱን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። የእንስሳ ሐቅ እንዲህ የሚከበድ ከሆነ፣ ለፎቶ ብሎ ማሰር ምን ይባላል?

ልምድ ያለው ቤት ሲባልም በር ላይ በሰንሰለት ታስሮ ያረጀ ውሻ ያለበት ማለት አይደለም። ቡችላ አሳድጎ ያስተማረ ሰው ያለበት፣ ቀን ሰው የሚውልበት፣ የታጠረ ግቢ ያለው፣ ለውሻው የየዕለት ሥራ ያለው ቤት ነው። የውሻው ማደሪያ ከመስገጃው የራቀ፣ ዕቃውም የተለየ ይሁን። ምራቁ የነካውን ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ የማጠቡን ሕግ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያውቅ ይሁን።

ይህ ሁሉ አለን ለምትሉ፣ ምርጫው የሚጀመረው ከእናትየዋ ነው። እናቷን ሳታዩ ቡችላ አትውሰዱ። ሰው ሲቀርባት የምትሸሽ ወይም ያለ ምክንያት የምትናከስ ከሆነች ተመለሱ። ወላጆቹ የዳሌና የክርን ራጅ ተነስተው እንደሆነ ጠይቁ፤ በነዚህ ዘሮች፣ በተለይ በጀርመን ሼፐርድ፣ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ይወረሳል። ስምንት ሳምንት ያልሞላውን ከእናቱ አትለዩ። ንክሻውን መመጠን የሚማረው ከወንድም እህቶቹ ጋር ሲጫወት ነው። ከዚያ ቆርቆሮ ጣሳ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ጣሉ። ሁሉም ይደነግጣሉ፤ ቶሎ ተመልሶ ጣሳውን የሚያሸተው ጥሩ ነው። ጥግ ይዞ የሚቀረውን ተዉት። ወንድሞቹን ረግጦ ቀድሞ የሚደርሰው ደፋር ደግሞ ዓይን ይማርካል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሙያተኛ አሠልጣኝ እንጂ የቤተሰብ አይደለም። ጨርቅ ስትጎትቱለት የሚከተል፣ ስታነሱት ትንሽ ታግሎ የሚረጋው መካከለኛው ይበቃችኋል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በሦስት ወሩ አትዝለሉ። በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ሩጫው ከሱብሒ በኋላ ወይም ከመግሪብ በኋላ ነው። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት በማለክለክ ስለሆነ የቀትር ልምምድ ሊገድለው ይችላል።

ፍየል ለሚጠብቅላችሁ ከሆነ ግን እውነቱን እንንገራችሁ። የእነዚህ ዘሮች ስሜት መንጋውን መንዳት ነው፤ ያልተማረ ማሊኖይስ ፍየላችሁን ሲያሳድድ ይውላል። ከመንጋው ጋር ያደገ የሀገራችን ውሻ ጅብና ቀበሮ ሲመጣ ይጮኻል፣ ሙቀቱንም ለምዶታል። እሱን በድንጋይ እያባረርን ለባዕዱ ደመወዛችንን ማፍሰሳችን ያሳፍራል።

ገንዘቡም ቀላል ነገር አይደለም። የውሻ ዋጋን የሚከለክል ሐዲስ በቡኻሪና ሙስሊም አለ። ሻፊዒዮች ሽያጩን አይፈቅዱም፣ ሐነፊዮች ይፈቅዳሉ። ቡችላ እያራቡ መሸጥን «ቢዝነስ» ያደረጋችሁ ወንድሞች የምታምኗቸውን ዓሊም ሳትጠይቁ አትቀጥሉ።

ከእንግዲህ ስለ ቡችላ የምትጽፉልን ሦስት ነገር አብራችሁ ላኩልን፦ ግቢው የማን ነው? ቀን ቤት ማን ይውላል? ውሻው ጠዋት ሲነሳ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው?