የመኪናችን ቀለምና የመፈተጊያው ቅባት

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ዕቃ አጠባበቅ ስንመክር፥ ስለ ልብስ፥ ስለ ማድቤትና ስለ መኝታ ብዙ ጊዜ ተናግረናል። ዛሬ ግን በደጅ ስለሚያድረው ዕቃ፥ ይኸውም ስለ መኪናችን ጥቂት እንናገራለን። መኪና ላለው ቤተ ሰብ ከቤት ቀጥሎ የሚቈጠር ሀብት ነው፤ ብዙዎች የዓመታት ቍጠባቸውን አፍስሰው የገዙት፥ ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት፥ ሕመምተኛቸውን ወደ ሐኪም የሚያደርሱበት ነው። ይልቁንም በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚነዱ የግል መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፥ በእጅ ያለውን መኪና በጥንቃቄ ማኖር ከቀድሞው ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን ነገር የሚከተለው ነው። አንድ ጐረቤታችን ብርማ ቀለም ያላት አሮጌ መኪና አለቻቸው። የ17 ዓመት ልጃቸው አንድ ቀን ብስክሌቱን ወደ ግቢ ሲያስገባ፥ የብስክሌቱ መሪ ጫፍ የመኪናይቱን የኋላ በር ነካና ስንዝር የሚያህል ቀጭን ጭረት አወጣበት። ልጁም አባቱ ከሥራ ሳይመለሱ ጥፋቱን ሊሰውር አስቦ፥ ወደ ገበያ ሮጦ ኮምፓውንድ የሚባለውን የመፈተጊያ ቅባት ገዝቶ መጣ። በቀትር ፀሐይ፥ መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት፥ ቀጥሎም ቅባቱን በደረቅ ጨርቅ እያደረገ፥ ባለ በሌለ ኃይሉ አንድ ሰዓት ያህል ፈተገው። ጭረቱ በርግጥ ጠፋ፤ ዳሩ ግን በጭረቱ ፈንታ መዳፍ የምታህል ደብዛዛ ግራጫ ቦታ ወጣች። ብርማው ቀለም ተልጦ ከሥሩ ያለው ቀለም ታየ። አባቱ በገቡ ጊዜ ልጁ ጨርቁን እንደ ያዘ ደርቆ ቆሞ ነበር፤ እኛም በዚያው ሰዓት በደጃፋቸው ስናልፍ ተጠርተን ገብተን አየን።

እንግዲህ ይህ መከራ በሌላ ቤት እንዳይደገም፥ ከሁሉ አስቀድሞ ቅባቱ የሚሠራውን ሥራ ማወቅ ይገባል። ብዙ ሰው ቅባቱ ጭረቱን የሚሞላ መድኃኒት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በቅባቱ ውስጥ ያለው እጅግ የደቀቀ ጠንካራ ዱቄት ነው፤ ብዙውን ጊዜም አሉሚኒየም ኦክሳይድ የተባለው ነው። ይህ ዱቄት ቀለሙን በጥቂት በጥቂቱ ይልጠዋል። ጭረት ማለት በማረሻ እንደ ወጣ ፈር ያለ ነው፤ ለዓይናችን ጐልቶ የሚታየውም የፈሩ ጠርዝ ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ስለሚበትነው ነው። ቅባቱ ፈሩን አይደፍነውም፤ የፈሩን ግራና ቀኝ ዝቅ እያደረገ ከፈሩ ወለል ጋራ ያስተካክለዋል እንጂ። ስለዚህ ጭረት በጠፋ ቍጥር ከመኪናችን ላይ ቀለም ተቀንሷል ማለት ነው፤ የተቀነሰውም ቀለም ተመልሶ አይመጣም። እናቶቻችን ገብስ ሲፈትጉ ገለባው እስኪለቅ ድረስ ብቻ ይወቅጡታል፤ ከዚያ ያለፈ ሙቀጫ ፍሬውን ራሱን ያደቀዋል። የመኪና ቀለምም እንዲሁ ነው።

የሚፈተገው ቀለም ምን ያህል ይሆናል? ከፋብሪካ የወጣ የዛሬ መኪና በላሜራው ላይ ብዙውን ጊዜ አራት ድርብ ቀለም አለው። የታችኛው ዝገትን የሚከላከል ነው፤ በላዩ ማስተካከያው፥ በማስተካከያው ላይ ዋናው መልክ የሚሰጠው ቀለም፥ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንደ መስተዋት የጠራው ቀለም ይደረብበታል። አራቱ በአንድነት ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይሆናሉ፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የላይኛው የጠራው ቀለም ብቻውን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ይህም ከአብዛኛው ሰው የራስ ጠጕር የቀጠነ ነው። የምንፈትገው እንግዲህ ከጠጕር የሚቀጥነውን ነገር ነው። ይህ የጠራ ቀለም ለማማር ብቻ የተቀባ እንዳይመስለን፤ ከሥሩ ያለውን ቀለም ከፀሐይ የሚጠብቅ ጥላ ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ባለ ስፍራ ስላለች ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ ጥላውን ያሳሳ ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ ቀለሙ ሲነጣና ሲላጥ ያያል።

አንዳንድ ሽማግሌዎች፥ «በእኛ ዘመን መኪና ጠንክሮ ሲፈተግ ይበልጥ ያብረቀርቅ ነበር» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቀለሙ ግን ሌላ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1923 ዓ.ም. በአሜሪካ ዱኮ የተባለው በቶሎ የሚደርቅ ቀለም ወጥቶ፥ ጄኔራል ሞተርስ ኦክላንድ በተባለው መኪናው ላይ ቀባው። ከዚያ በፊት አንድን መኪና ቀብቶ ለማድረቅ ብዙ ቀን ይፈጅ ነበር። እንዲህ ያለው ቀለም ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ስለ ሆነና ተቀብቶ ሲደርቅ ስለሚደበዝዝ፥ አብረቅራቂ የሚሆነው በመፈተግ ነበር። የዛሬው ባለ ድርብ ቀለም ግን ይህን አይፈልግም፤ ስለዚህ የአባትን ልማድ በልጅ መኪና ላይ ማድረግ ጉዳት አለው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በመጀመሪያ መኪናውን በብዙ ውሃና ለመኪና በተሠራ ሳሙና ከላይ ወደ ታች ማጠብ ያስፈልጋል። በበጋ በመኪናችን ላይ የሚተኛው አቧራ ከድንጋይ የደቀቀ አሸዋ ያለበት ስለ ሆነ፥ በደረቅ ጨርቅ የጠረገው ሰው አንዱን ጭረት ሊያጠፋ ሲሻ መቶ ጭረት ያወጣል። ብዙ ጊዜ በኮፈን ላይ በፀሐይ እንደ ሸረሪት ድር የሚታየው ጭረት የሚመጣው ከዚሁ ነው። ጨርቁ በመሬት ላይ የወደቀ እንደ ሆነም ሳይታጠብ ወደ መኪናው መመለስ የለበትም።

ሁለተኛ፥ ጭረቱን መመርመር ነው። አንዳንዱ ጭረት የሚመስለው ነገር ከሌላ መኪና ወይም ከግንብ የተላለፈ ቀለም ብቻ ነው፤ ይህ በቀላሉ ይነሣል። እውነተኛ ጭረት የሆነ እንደ ሆነ ግን ውሃ አርከፍክፈን እንየው፤ ውሃው ሲያርፍበት የሚሰወር ከሆነ በጠራው ቀለም ላይ ያለ ቀላል ጭረት ነው። ከዚያም ጥፍራችንን በጭረቱ ላይ አቋርጠን በዝግታ እንጐትት። ጥፍር ሳይሰናከል ካለፈ ቅባቱ ይረዳዋል። ጥፍር ጥቂት ከያዘ ሊያደበዝዘው እንጂ ጨርሶ ሊያጠፋው አይችልም። ጥፍር ፈጽሞ የገባበት፥ ወይም ነጭ፥ ግራጫ አለዚያም ብረት የታየበት ከሆነ፥ ቅባቱን አስቀምጠን ወደ ቀለም ቀቢ መሄድ ይገባናል።

ሦስተኛ፥ ስፍራና ሰዓት መምረጥ ነው። መኪናው በጥላ ይቁም፤ ላሜራውም በእጅ ሲዳሰስ ቀዝቃዛ ይሁን። በጋለ ላሜራ ላይ ቅባቱ ወዲያው እየደረቀ ያስቸግራል። በበሩ ጠርዝና ላሜራው በታጠፈበት መስመር ላይ ቀለሙ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ስስ ስለሚሆንና የእጃችንም ክብደት በዚያ ላይ ስለሚበረታ፥ እነዚህን ስፍራዎች ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር መሸፈን ነው። የጐረቤታችን ልጅ ቀለሙን የጨረሰው በዚሁ በታጠፈው መስመር ላይ ነበር።

አራተኛ፥ በማይታይ ስፍራ፥ ለምሳሌ በበሩ የታችኛው ጥግ፥ መሞከር ነው። በነጭ ጨርቅ ጥቂት ቅባት አድርገን በቀስታ ስናሸው ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ፥ ወይ መኪናው እንደ ጥንቱ ባለ አንድ ዓይነት ቀለም ነው፥ ወይም የጠራው ቀለም በዚያ ስፍራ አልቋል። መኪናው የጠራ ቀለም እንዳለው እያወቅን በሥራው መካከል ጨርቁ ቀለም ከያዘ ግን፥ የጠራውን አልፈናልና ወዲያው እጃችንን እናንሣ።

አምስተኛ፥ መፈተጉ ነው። ርጥበት ባለው ለስላሳ ስፖንጅ ላይ ሁለት የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ቅባት አድርገን፥ በጭረቱ ዙሪያ ከ30 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ስፍራ ላይ በቀስታ እናዳርሰዋለን። ከዚያም በመጠነኛ ክብደት አንድ ጊዜ ወዲያና ወዲህ፥ አንድ ጊዜ ላይና ታች እያልን አንድ ደቂቃ ያህል ካሸን በኋላ፥ ማይክሮፋይበር በሚሉት ለስላሳ ጨርቅ ጠርገን እንመለከታለን። አስፈላጊ ከሆነ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ይደገማል። በየጊዜው ጠርጎ ማየት የሥራው ዋና ምስጢር ነው። ጭረቱ ከሁለት ክንድ ርቀት የማይታይ ከሆነ ይበቃል፤ ፈጽሞ ይጥፋ ብሎ መጋደል ጥቂት ጥቅም ለማግኘት ብዙ ቀለም መክፈል ነው።

በዚህ ስፍራ ስለ መፈተጊያው ሞተር አንድ ቃል እንጨምር። እየተሽከረከረ የሚፈትገው መሣሪያ ሥራውን ያፈጥናል፤ ነገር ግን በአንድ ስፍራ ጥቂት ከቆየ ቀለሙን አግሎ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ያልለመደ ሰው በእጁ ይሥራ፤ የእጅ ዝግታ ለጀማሪ ጠባቂው ነውና።

ስድስተኛ፥ ከፈተጉ በኋላ ቦታው ጥቂት ደብዘዝ ቢል አያስደንግጥ፤ ከዱቄቱ የቀረ ስስ ጭረት ነው። ይህን ከኮምፓውንድ ይልቅ የላመ ዱቄት ያለው ፖሊሽ ያጠራዋል። በመጨረሻም ሰም ይቀባል። ሰም የተፈተገውን ቀለም አይተካም፤ ነገር ግን ውሃና እድፍ እንዳይዘው ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ይከልለዋል። ሰሙን ማደስ ብዙ ጊዜ ቢሆን አይጐዳም፤ መፈተጉ ግን ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚደረግ ነው።

ጥልቅ ጭረት ያለበት መኪና የሆነ እንደ ሆነስ? ብረቱ ከታየ ሳይውል ሳያድር መሸፈን ይገባዋል፤ በክረምት ውሃው በዚያ ገብቶ ከቀለሙ ሥር እየዛገ ይሄዳልና። ስፍራው ተጠርቶ ዝገት መከላከያ ከተቀባ በኋላ የመኪናው መልክ የሆነው ቀለም በቀጭን ብሩሽ ይሞላበታል። የቀለሙ ቍጥር በብዙ መኪናዎች በበሩ ምሰሶ ላይ ወይም በሞተሩ ክፍል በተለጠፈው ጽሑፍ ይገኛል። ደግሞም ቀድሞ ተጋጭቶ በባትላሜራ እጅ ያለፈና በስቱኮ ተሞልቶ የተቀባ ስፍራ የቀለሙ ውፍረት ስለማይታወቅ፥ ይልቅ ይታዘንለት። ሆን ተብሎ እንዳያብረቀርቅ የተቀባ መኪናም ከቶ አይፈተግ፤ ከተፈተገ በአንድ ስፍራ ብቻ አብረቅርቆ መልኩን ያጣል።

ወደ ጐረቤታችን ቤት እንመለስ። አባትየው ግራጫይቱን ቦታ ብዙ ካዩ በኋላ፥ ድምፃቸውን ሳያሰሙ፥ «ልጄ፥ ጭረቱን ብታሳየኝ ኖሮ ሁለታችን እናየው ነበር፤ አሁን ግን የምናየው ጠፋ» አሉት። ልጁም፥ «ይቅር በለኝ፥ አባዬ፤ ስለ ፈራሁ ነው» ብሎ አለቀሰ። አባቱ፥ «እንድትፈራኝ ያደረግሁህ እኔ እንደ ሆንሁ እኔም ላስብበት» አሉ። እኛም በዚያ ቀን ከዚህ የበለጠ ምክር አልነበረንም።

በሚቀጥለው እሑድ ግን ሦስታችን በግቢው ዛፍ ጥላ ተሰበሰብን። በፊተኛው በር ላይ ከቀድሞ የነበረ ሌላ ቀጭን ጭረት ነበር፤ ጥፍርም አይይዘውም። ልጁ አጠበ፥ ጠርዙን በፕላስተር ሸፈነ፥ በማይታይ ስፍራ ሞከረ፤ ከዚያም በዝግታ አሸ። በየደቂቃው ቆሞ ጨርቁን ያነሣና አባቱን ያያል፤ አባቱም ጐንበስ ብለው ያዩና፥ «ጥቂት ቀርቶታል» ወይም «በቃ» ይላሉ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሥራው አለቀ። በኋላው በር ያለችው ግራጫ ቦታ ግን ለቀለም ቀቢ የሚከፈለው ገንዘብ እስኪጠራቀም ድረስ እንዳለች ናት። ልጁ ከኪሱ ገንዘብ በየሳምንቱ ጥቂት ያስቀምጥላታል።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። እኛም በዚሁ ላይ፥ ከመፈተግ መመርመር፥ ከመመርመርም በፊት ለቤት መናገር ይቅደም እንላለን። ጭረት በብዙ መኪና ላይ ይወጣል፤ በጊዜ የታየና በልክ የታሸ ቀላል ጭረት ይጠፋል። በፍርሃትና በጥድፊያ የተፈተገ ግን ከጭረቱ የከፋ ምልክት ይተዋል።