የካይሮው የጦር ፈረሶች ሆስፒታልና የእኛ ፊዚክስ

በአገራችን የአህያ ስም የሚነሣው በአብዛኛው ለስድብ ነው። እህላችንን ወደ ገበያ፣ ውኃችንን ወደ ቤት የሚያደርስልን ይህ እንስሳ ሲቆስል ማን እንደሚያክመው፣ ከዚያም በላይ ለምን እንደሚቆስል የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። በካይሮ ከተማ የተቋቋመ የአንድ በጎ አድራጎት ሆስፒታል ታሪክ በዚህ ረገድ ለሳይንስ ተማሪ የሚያስተምረው ቁም ነገር አለ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት በ1918 (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሲያበቃ፣ የእንግሊዝ ጦር በአካባቢው ካሰለፋቸው ፈረሶች ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩት ወደ አገራቸው ሳይመለሱ በግብፅ ተሸጡ። በ1930 ዶሮቲ ብሩክ የተባለች የእንግሊዛዊ የጦር መኮንን ባለቤት ካይሮ ስትደርስ፣ ከእነዚህ ፈረሶች የተረፉት አርጅተውና መንምነው ሸክም ሲጎትቱ አገኘች። በ1931 ሞርኒንግ ፖስት በተባለው የለንደን ጋዜጣ ላይ ደብዳቤ አወጣች። አንባቢያን በላኩት ገንዘብም በሦስት ዓመት ውስጥ 5,000 ያህል ፈረሶች ተገዙ። አብዛኞቹ ሊድኑ የማይችሉ ስለነበሩ ያለ ሥቃይ እንዲሞቱ ተደረገ። በ1934 ደግሞ ለሥራ ፈረሶችና አህዮች ነጻ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል በዚያው ከተማ ተከፈተ። መሥራቿ በ1955 ብታርፍም ተቋሙ በስሟ ብሩክ ተብሎ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፍቷል፤ ወደ ኢትዮጵያም ደርሷል።

በእኔ አስተያየት የዚህ ታሪክ ዋና ትምህርት ርኅራኄ ብቻውን በቂ አለመሆኑ ነው። አንድ ፈረስ ከባለጋሪው ቢገዛ ባለጋሪው እንጀራው ነውና ሌላ ፈረስ ያመጣል። ቁስሉ የዳነለትም ፈረስ ወደዚያው ማሰሪያ ከተመለሰ ከወራት በኋላ እንደገና ይቆስላል። ድርጅቱ ከሕክምናው ጎን ለጎን ባለንብረቶችንና የማሰሪያ ሠሪዎችን ማሠልጠኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

እዚህ ላይ የእኛ ትምህርት ይገባል። ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው። ፈረሱ ጋሪውን አንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ገመድ ከሚጎትት፣ ርዝመቱ እኩል በሆነና ስምንት ሳንቲ ሜትር በሚሰፋ ለስላሳ ጠፍር ቢጎትት፣ በደረቱ ቆዳ ላይ የሚያርፈው ግፊት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ለረጅም ሰዓት የሚጫን ከፍተኛ ግፊት ቀጫጭን የደም ሥሮችን ስለሚዘጋ ቆዳው ይሞታል፤ ገጣባ የምንለው ቁስል አንዱ መነሻ ይህ ነው።

የመፈንቅልን ሕግም እንውሰድ። ባለሁለት ጎማ ጋሪ ላይ 300 ኪሎ ግራም ተጭኖ፣ የጭነቱ የክብደት ማዕከል ከጎማው ዘንግ በ50 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢቀድምና የእንስሳው ጀርባ ከዘንጉ ሁለት ሜትር ቢርቅ፣ ጀርባው ላይ የ75 ኪሎ ግራም ክብደት ያርፋል። ጭነቱን ወደ ኋላ ስበን ርቀቱን 20 ሳንቲ ሜትር ብናደርገው ሸክሙ ወደ 30 ኪሎ ግራም ይቀንሳል። ለዚህ ለውጥ ሜትርና ጥቂት ማስተዋል እንጂ ብር አያስፈልግም።

«ለሰውም ሐኪም ሳይበቃ ስለ አህያ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን እንስሳው ሲወድቅ የሚወድቀው የቤተሰቡም ጉርስ ነው። ደግሞም የምጠይቀው ሐኪም ከሰው ላይ እንዲነሣ ሳይሆን፣ ቁስሉ ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ እንዲቀር ነው።

አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ጥፋተኛውን ትቶ ሌላውን ለሚመታ ሰው ነው። በዚህ ጉዳይ ግን መመርመር ያለበት ዳውላው ራሱ ነው። ስለዚህ የፊዚክስና የምሕንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስትፈልጉ ከግቢያችን በር ውጭ የቆመውን ጋሪ ተመልከቱ። ባለጋሪውን አስፈቅዳችሁ ለኩ፣ አስሉ፤ ያገኛችሁትንም እርሱ በሚገባው ቋንቋ ንገሩት።