እሱ በዋስ ቤቱ ገባ፣ እሷስ?

ባለፈው ሰሞን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ወጥቼ ባይ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች የምታስረክበው ጎረቤታችን ናት። ባዶ እግሯን ናት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች፤ ነጠላው በደም ርሷል። «ወንድሜ፣ ዛሬስ ገደለኝ» አለችኝ። ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሠፈርተኛው ሁሉ ያውቀዋል፤ ባሏ ነው።

ሲነጋ ተያይዘን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ተረኛው ፖሊስ ቀና ብሎ አያትና «ልጆች አሏችሁ?» ሲል ጠየቃት። ሦስት አለችው። «እንግዲያ በሽማግሌ ጨርሱት እንጂ እህቴ! ነገ ታርቃችሁ እኛን ታስወቅሱናላችሁ» አላት። (እውነቱን ለመናገር ጨካኝ ሰው አይመስልም ነበር፤ የለመደውን ነው የተናገረው።) ተከራክረንም፣ ለምነንም ለሐኪም ማስረጃ የሚሆን ደብዳቤ አጻፍን። ሆስፒታል ስንንከራተት ዋልን። ባልየው ከሰዓት በኋላ ተያዘ፤ በማግስቱ ዋስ ጠርቶ ወጣ። የት ሄደ? የት ይሄዳል፣ ቤቱ ነዋ! እሷማ ሦስቱን ልጆች ይዛ እህቷ የቀበሌ ቤት ገባች። አንድ ክፍል ናት። ምጣዷ እንኳ እዚያው ቀርቷል።

የአገራችን ሕግ ደብዳቢውን በቤቱ፣ ተደብዳቢዋን በሰው ቤት ያስቀምጣል ብል ያጋነንኩ ይመስል ይሆናል። እስቲ ሕጉን እንየው።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት ስሙን ጠርቶ ወንጀል ነው ይላል። ይበል! የቀድሞው የ1949ኙ ሕግ ይህንንም አላለም ነበር። ቅጣቱን ግን መንገደኛ መንገደኛን ሲደበድብ ወደሚቀጣባቸው አንቀጾች ይመራዋል። ጉዳቱ «ቀላል» ከተባለ በአንቀጽ 556 ከአንድ ዓመት የማይበልጥ ቀላል እሥራት ወይም መቀጮ ነው፤ ያውም እሷ አቤት ካለች። ጽኑ እሥራት በማያስከትል ወንጀል ደግሞ በ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 28 መሠረት ፖሊስ ራሱ በዋስ ሊለቅ ይችላል። ለቀቀው! ዋሱ የሚጠራው ተጠርጣሪው ሲፈለግ እንዲገኝ ነው። እሷ ዘንድ እንዳይደርስ የሚጠብቅ ዋስ የለም።

የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ አለ አይደል የሚል አይጠፋም። አለ፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 699። የሚሠራው ግን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት ሊያስቀጣ ለሚችል ወንጀል ነው። ጎረቤቴ በዚህ አዋጅ እንድትጠበቅ አስቀድማ አካለ ጎዶሎ መሆን አለባት ማለት ነው።

ባልን ከቤት የሚያስወጣ ትእዛዝ ከነጭራሹ የለም አልልም። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 82 ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች። የፍቺ ክርክሩ እስኪያልቅ ከተጋቢዎቹ አንዱ ከቤት መውጣት ካለበት፣ ፍርድ ቤቱ የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳውን ወገን ሁኔታ ማየት አለበት። ግሩም ነው! ግን ፍቺ ከተጠየቀ ነው። ትዳሬን ሳላፈርስ ዱላው ብቻ ይቁምልኝ ለምትል ሴት በሩ ዝግ ነው። ጎረቤቴን «ታዲያ ፍቺ ጠይቂ» ብላት «የቤት ኪራዩን አንተ ትከፍልልኛለህ?» አለችኝ። ዝም አልኩ።

ሌላው አፍሪካ ምን ያደርጋል? ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው ሕግ የተደበደበች ሴት ፍቺ ሳትጠይቅ ፍርድ ቤት ቀርባ የጥበቃ ትእዛዝ ማግኘት ትችላለች። ከትእዛዙ ጋር የመያዣ ወረቀትም አብሮ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ሰውየው ትእዛዙን ከጣሰ ፖሊስ በዚያው ይይዘዋል። ኡጋንዳ በ2010፣ ኬንያ በ2015 የየራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል። እኛ ዘንድ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ካገቡ ሴቶች ከመቶ 34ቱ በባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። ታዲያ ምን ይጠበቃል?

መንግሥትማ የካቲት 29 በመጣ ቁጥር ቲሸርት አልብሶ ያሰልፈናል። የተደበደቡትን ይዘው ፍርድ ቤት የሚቆሙትን ግን ምን እንዳደረጋቸው አንረሳም። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማህበር በ1993 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ታገደ፤ እግዱ የተነሳው በጥቅምት 1994 ነው። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ 621 መጣና ከገንዘቡ ከመቶ አሥር በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ማህበሩ ሥራውን ለመቀነስ ተገደደ። አዋጁ እስኪሻር አሥር ዓመት ፈጀ። ለነዚያ አሥር ዓመታት ተደብዳቢዎች ማን ይጠየቅላቸው?

የምጠይቀው ተአምር አይደለም። ሴትየዋ ባመለከተች ቀን፣ ያለ ፍቺና ያለ ክፍያ፣ ዱላ ያነሳውን ከቤት የሚያስወጣ ትእዛዝ ይውጣ። ችሎት ፊት ስትቆምም ብቻዋን አትቁም፤ ማመልከቻ የሚጽፍላት፣ ከባሏ ጋር በአንድ ኮሪደር ከመጠበቅ የሚያድናት ሰው ፍርድ ቤቱ ይመድብላት። ምክር ቤቱ ይህን ሕግ ለማውጣት የሚጎድለው ፍላጎት ብቻ ነው።

ትናንት እህቷ ቤት ሄጄ ነበር። ክስሽ የት ደረሰ ብላት «ሽማግሌ ልኮብኛል» አለችኝ። ሽማግሌዎቹ ምን ዋስትና ይዘው መጡ አልኳት።

«የሱን ቃል» አለች።